የሳይክል ጎማ ስታስነፉ የምትሳሳቱት ነገር

ከኮሪደሩ ወዲህ ከፒያሳ አራት ኪሎ በሳይክል የሚመላለሰው ሰው በዝቷል፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ግን የፈነዳ ጎማ ተሸክሞ እኔ ጋር የሚመጣውም እኩል በዝቷል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ መኪና ጎሚስታ ጋር ሄዶ "እስኪጠነክር ሙላልኝ" ማለት ነው። ኧረ ተዉ! የሳይክል ጎማ የሚይዘው አየር የመኪናው አንድ አስረኛ ቢሆን ነው፣ ኮምፕሬሰሩ በሰከንዶች ውስጥ ልኩን ያሳልፈዋል፣ ልጁ ደግሞ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ "በቃ ደርሷል" ይላችኋል። ጣት ምን ያውቃል? ላስቲኩ ወፍራም ከሆነ 40ም 60ም ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ለጣት አንድ ናቸው። ደግሞ ጎማው ሰፊ በሆነ ቁጥር ያው ግፊት ግድግዳውን ይበልጥ ይወጥረዋል፣ ስፋቱ እጥፍ ከሆነ ውጥረቱም እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ቀጭኗ የኮርስ ጎማ 100 ስትችል ሰፊው የማውንቴን ጎማ 60 ላይ የሚያስፈራው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው ነው፣ የግድ እዛ ድረስ ሙሉ ማለት አይደለም።

በቀደም አንድ ልጅ መጣ፣ ጎማው ላይ ከፍተኛው 50 ይላል፣ ስለካው 70 አልፏል። አንድ ቦታ ላይ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ሾልኮ የውስጡ ላስቲክ እንደ እንቁላል ተወጥሮ ወጥቷል። ቀስ ብዬ የቫልቩን መርፌ በጥፍሬ ተጫንኩና አስተነፈስኩት፣ እብጠቱ እያየነው ገባ። "ፀሐይ ላይ አቁሜው ነው" አለኝ። አይደለም የኔ ወንድም። መለኪያው የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የውጪው 11 ገደማ ነው፣ 50 ሲል ውስጡ 61 አለ ማለት ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ቢግል እንኳን 67 ቢሆን ነው፣ መለኪያው ላይ 56። ፀሐይ ስድስት ጨመረች፣ የቀረውን የጨመረው ጎሚስታው ነው።

አጉድሎ መንዳትም ያው ነው። ሰውና ሳይክል ተደምሮ 80 ኪሎ ቢሆን፣ በ40 ፒኤስአይ ሁለቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩት 28 ሳንቲ ሜትር ካሬ አካባቢ ነው፣ ሁለት የክብሪት ሣጥን አይሞላም። ንፋሱን በግማሽ ስትቀንሱት ይሄ እጥፍ ይሆናል፣ ጎማው ይተኛል፣ ከዛ የኮብልስቶን ጥግ ሲመታው የውስጡን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። እኔ ራሴ ስጀምር በአንድ ሳምንት ሦስቴ አስለጠፍኩ፣ ጎማው ፎርጅድ ነው እያልኩ ሻጩን ስረግም ከረምኩ፣ አንድ ቀን ሁለቱን ቀዳዳ ጎን ለጎን ሳያቸው ነው የገባኝ።

ለጥፋችሁ ከመክተታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ዳስሱ፣ ሚስማሩ እዛው ካለ ማስቲሹ ሳይደርቅ ትመለሳላችሁ።

ቆሞ የከረመ ሳይክል ንፋሱ ስለጎደለ ብቻ ተበሳ አትበሉ፣ አየር በላስቲኩ ውስጥ ራሱ ቀስ እያለ ያልፋል። ከተጠራጠራችሁ ምራቅ ቫልቩ ጫፍ ላይ ቀቡ፣ አረፋ ከሠራ የሚያፈሰው እሱ ነው፣ ካልሠራ ሙሉትና ማታ ለኩት፣ ጠዋት ድገሙት።