ገዳም ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዝቋላ ለአዳማ ሰው ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቦ ክብረ በዓል ሲደርስ ከከተማችን ስንቁን ቋጥሮ የሚነሳው ብዙ ነው። ለዕቃ ግዢ ባንኮክ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችንም እዚያ የቡድሃ መነኮሳት ያጋጥሟቸዋል። እኔ በሁለቱም መንገድ ሄጃለሁ። ሆን ብሎ የሚደፍር ሰው ብዙም አላየሁም፤ ሳይጠይቅ የሚገባ ግን በየቦታው አለ።

ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት

ዝቋላ ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አብሮን የሄደ ወጣት ስልኩን አወጣ። አባ ምንም አልተናገሩም። የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጣታቸውን ገጹ መሃል እንዳደረጉ ዳዊቱን ከደኑት። ልጁ እስኪሄድ አልገለጡትም። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ይዤው የወጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ታች ሳለን አልነገርኩትም። ፎቶ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «አባታችን ይባርኩኝ» በሉ፤ ከዚያ ጠይቁ። ዝም ካሉ አልፈቀዱም ማለት ነው። በአርምሞ ላይ ያለ መነኩሴ ደግሞ ጨርሶ አይመልስም፣ እሱን ተዉት።

ላኦስ ውስጥ ሉዋንግ ፕራባንግ በተባለችው ከተማም ጣጣው ይኸው ነው። መነኮሳቱ ማለዳ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ምጽዋት ሲቀበሉ ጎብኚው ፊታቸው ላይ ፍላሽ ያበራል። የሚመጸውት ሰው ዝቅ ብሎ ይሰጣል፤ የሚያይ ራቅ ብሎ በዝምታ ያያል።

ስለ ቀድሞ ሕይወታቸው መጠየቅ

«አባ፣ ትውልድዎ የት ነው? ልጅ አለዎት? ለምን መነኮሱ?» እኛ ሰፈር እንዲህ መጠየቅ እንግዳን ማቅረብ ነው። መነኩሴ ግን ሲመነኩስ ለዓለም እንደሞተ ተቆጥሮ መጽሐፈ ግንዘት ተደግሞለታል። ስሙን እንኳ ቀይሯል። ቤተሰቡንና ሀገሩን በጥያቄ አታስቆፍሩት። ስለ ገዳሙ ጠይቁ፤ ስለዚያ ያጫውቷችኋል።

ሴት መግባቷን ሳያጣሩ መነሳት

ደብረ ዳሞም፣ ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤልም ለወንድ ብቻ ነው። እዚያው ጣና ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ትገባለች። ስለዚህ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። ግሪክ የሚገኘው አቶስ ተራራ ላይ 20 ገዳማት አሉ፤ ሴት አትገባም፣ ወንዱም አስቀድሞ የይለፍ ወረቀት ማውጣት አለበት። እናትና እኅትን ይዞ ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ በር ላይ ማወቅ ከባድ ሐዘን ነው።

በአዳማ ልብስ መውጣት

አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ዝቋላ 3,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እዚህ ለሙቀቱ የለበስነው እጅጌ የሌለው ልብስ እዚያ ለብርዱም ለክብሩም አይሆንም። ጋቢ ያዙ። ባንኮክም ትልቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወዳለው የኤመራልድ ቡድሃ ቤተ መቅደስ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አይገባም።

ለታይላንድ መነኩሴ ከእጅ ወደ እጅ መስጠት

ይህ ለሴቶች ነው። መነኩሴው ሴት አይነካም፣ ከእጇም በቀጥታ አይቀበልም። አንዲት የአዳማ ነጋዴ በሁለት እጇ፣ እንደ ወጋችን ጎንበስ ብላ ፍራፍሬ ስትዘረጋለት አይቻለሁ። መነኩሴው ቁራጭ ጨርቅ ፊቷ ዘረጋ፤ ጫፉን ራሱ ያዘ። ግራ ገብቷት ቆማ ነበር፣ አስተርጓሚው ጨርቁ ላይ እንድታስቀምጥ ነገራት። የናቃት መስሏት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምግብም ከሆነ ከረፋዱ በፊት ይሁን፤ ከእኩለ ቀን በኋላ አይበሉም። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ቡድሃው ምስል አትዘርጉ።

የማያስፈልግ ነገር ይዞ መሄድ

ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ የሚጭን አለ፣ ያውም በጾም። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ይሻላል። ዘቢቡ ለቅዳሴ ይጨመቃል። ባለፈው አንድ ኪሎ ይዤ ብሄድ የተቀበሉኝ አባት ፌስታሉን ፈትተው አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ፤ የተበላሸውን ለብቻ፣ ጤነኛውን ለብቻ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው ለቀምኩ።