ውሃ የጠማው ኮንክሪት፦ ዜዮላይት ስትቀላቅሉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ስዊድናዊው የማዕድን ተመራማሪ ክሮንስቴት በ1756 እ.ኤ.አ. አንድ ድንጋይ ሲያሞቅ ድንጋዩ እንፋሎት እየተፋ ይንተከተካል። ከግሪክኛ ወስዶ «የሚፈላ ድንጋይ» ብሎ ሰየመው፤ ዜዮላይት ማለት ይኸው ነው። በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ይይዛል። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። የሲሚንቶን የተወሰነ ክፍል በዜዮላይት ስንተካ ከሚገጥሙን ጣጣዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ የውሃ ጥማት ነው።

ኮንክሪቱ ቶሎ ይደርቃል

ከሚክሰር ሲወጣ ልክ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ወፍሮ አካፋ ላይ ይጣበቃል፣ ስላምፑም (የእርጥብ ኮንክሪት ልስላሴ መለኪያው) ይቀንሳል። ይሄኔ ውሃ ሊጨምር ቱቦ ይዞ ብቅ የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አስቁሙት! በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ማያያዣ (ሲሚንቶና ዜዮላይት) እና 175 ሊትር ውሃ ካለ የውሃና የማያያዣው ጥምርታ 0.50 ነው። 20 ሊትር ስትጨምሩበት 0.56 ይገባል። ከ28 ቀን በኋላ ለጥንካሬ መፈተኛ የተሞላው ኩብ ፈተናውን ሲወድቅ ጥፋቱ በዜዮላይቱ ይላከካል እንጂ ቱቦውን የሚያስታውሰው የለም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የዜዮላይት ዱቄቱ ቀዳዳዎች ውሃንም አድሚክስቸርንም (ኮንክሪት ላይ የሚጨመር ኬሚካል) ይመጥጣሉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሲሚንቶ ጥግግት 3.15 ሲሆን የዜዮላይት 2.2 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ350 ኪሎው 15 በመቶውን በክብደት ብትተኩ፣ በይዘት 7 ሊትር ያህል ተጨማሪ ዱቄት አስገብታችኋል። እሱም መርጠብ ይፈልጋል።

መፍትሄው ሱፐርፕላስቲሳይዘር ነው፤ ውሃ ሳይጨመር ኮንክሪቱን የሚያለሰልስ አድሚክስቸር ማለት ነው። ከፊሉን መጀመሪያ፣ ቀሪውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ሁሉንም አንዴ ከሰጣችሁት ዱቄቱ ቶሎ ይመጥጠዋል። ማደባለቂያ ጊዜውንም ትንሽ አርዝሙ። የተጨመረውን 7 ሊትር ከአሸዋው ይዘት ላይ ቀንሱ። መጠኑን ሳይት ላይ ከመገመት አስቀድሞ በሙከራ ቅልቅል መለየት ይሻላል። ስላምፑንም ወዲያውና ከ30 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ አንዴ መለካት ያታልላል። ጥማቱ አሁንም ካስቸገረ 10 በመቶ ላይ ቁሙ። ለጀማሪ ከ20 በመቶ በላይ መሄድን እኔ አልመክርም።

የ7 ቀን ኩብ ዝቅ ብሏል

ይሄ ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። የዜዮላይቱ ሲሊካና አሉሚና ከዚህ ጋር ተዋህደው እንደገና ማያያዣ ይሆናሉ። እንዲህ የሚዋሃዱ ዱቄቶች ፖዞላና ይባላሉ። ዜዮላይት ከሌሎች የተፈጥሮ ፖዞላናዎች አንጻር ፈጣን ቢባልም፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሸክም የሚሸከመው ሲሚንቶው ነው። እሱን ደግሞ ቀንሳችኋል። ብርድ ካለ መዘግየቱ ይብሳል።

ስለዚህ ከ7ና ከ28 ቀን በተጨማሪ ለ56 እና ለ90 ቀን የሚሆኑ ኩቦች ሙሉ። የሶሌታና የቢም ድጋፍ የሚነሳው ቀን ተቆጥሮ ሳይሆን ኩብ ተሰብሮ ይሁን። በቶሎ መሸከም ያለበት ሥራ ከሆነ የዜዮላይቱን ድርሻ ቀንሱ።

በ28 ቀንም ከተጠበቀው በታች ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የቱቦውን ጉዳይ አጣሩ። ከዚያ የአፈጫጨቱን ልመት እዩ። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ618 መስፈርት በ45 ማይክሮን ወንፊት ላይ የሚቀረው ዱቄት ከ34 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ እኔ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ቢሆን እመርጣለሁ። ሻካራ ዱቄት ውሃውን ይጠጣል፣ ሥራውን ግን አይሠራም። በመጨረሻም ድንጋዩ ውስጥ ሸክላ አለ ወይ? ሸክላ ውሃ ፍላጎቱን ያንራል፣ ጥንካሬም አይሰጥም።

ፊቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ

የዜዮላይት ኮንክሪት ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ላይ የሚተፋው ውሃ ትንሽ ነው። ይህ ለጥራቱ ደግ ነው። ፀሐይና ነፋስ ባለበት ግን ፊቱን የሚያረጥብ ስለማይኖር ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። እንደተስተካከለ ወዲያው በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ወይም ጭጋግ የሚመስል ውሃ እርጩበት። ውሃ ማጠጣቱን ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ከተቻለ ለ14 ቀን ቀጥሉ። የፖዞላናው ውህደት ውሃ ከጠፋ ይቆማል።

ትናንት ጥሩ፣ ዛሬ መጥፎ

አንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ እንኳ ንብርብሩ ይለያያል። አንዱ በክሊኖፕቲሎላይት (ከዜዮላይት ማዕድናት አንዱ) የበለጸገ ነው፣ ቀጣዩ አመድና ሸክላ ይበዛበታል። በስም ግን ሁለቱም ዜዮላይት ናቸው። በየጭነቱ ናሙና ያዙና ከሲሚንቶው 20 በመቶ የተተካበት ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል) ሠርታችሁ ከንጹሑ ሲሚንቶ ጋር አወዳድሩ። በዚያው በሲ618 መስፈርት ጥንካሬው በ7 ወይም በ28 ቀን የንጹሑን ቢያንስ 75 በመቶ መድረስ አለበት። የውሃ ፍላጎቱም ከንጹሑ 115 በመቶ ማለፍ የለበትም።

እግረ መንገዴን፦ ላብራቶሪው ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት ከ10 በመቶ በለጠ ብሎ ቢመልስባችሁ አትደናገጡ። በከሰል አመድ ላይ ይህ ያልተቃጠለ ካርቦን ሊያመለክት ይችላል። እዚህ ግን የሚተነው በአብዛኛው ክሮንስቴት ያየው ውሃ ነው። በቁጥሩ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ድንጋዩን መጣል ተገቢ አይመስለኝም፤ የሞርታሩን ውጤት ጠብቁ።

ዱቄቱ እርጥበት ከአየርም ይስባል። ተከፍቶ የሰነበተ ጆንያ ከአዲሱ ጋር እኩል ውሃ አይጠጣም። የአሸዋን እርጥበት እየለካችሁ የዱቄቱን ከዘለላችሁ፣ የስላምፑ መዋዠቅ ምንጩ እዚያ ሊሆን ይችላል።