ትናንት የተሰማንን በስፓንኛ ለመናገር

ስፓንኛ የምትማሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፦ ያለፈ ስሜትን ስትናገሩ መጀመሪያ «ስሜቱ የቆየ ነበር ወይስ ድንገት የመጣ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። «ርቦኝ ነበር» ለማለት «ቴኒያ አምብሬ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ረሃብ ነበረኝ» ማለት ነው። «ደክሞኝ ነበር» ደግሞ «ኤስታባ ካንሳዶ» ነው፤ ሴት ከሆነች «ካንሳዳ» ትላለች። በስፓንኛ «ካንሳዶ» ቅጽል፣ «አምብሬ» ግን ስም ስለሆነ «ኤስታባ አምብሬ» ማለት ስሕተት ነው።

ስሜቱ በአንድ ቅጽበት ከመጣ የግሡ መልክ ይለወጣል፤ «ቴኒያ» የነበረው «ቱቤ» ይሆናል። ጨለማ ቤት ውስጥ ሳላችሁ በሩ በድንገት ቢንኳኳ «ቱቤ ሚዬዶ» ትላላችሁ፤ «ፈራሁ» ማለት ነው። «ቴኒያ ሚዬዶ» ግን ከመንኳኳቱም በፊት ፍርሃት ውስጥ እንደነበራችሁ ይናገራል። ይህ ልዩነት የታሪኩን ትርጉም ስለሚለውጥ በደንብ ተለማመዱት።

ሕመም ለእኛ ይቀለናል። «ራሴን ያመኝ ነበር» የሚለው «ሜ ዶሊያ ላ ካቤሳ» ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ታማሚው የግሡ ባለቤት አይደለም፤ በአማርኛ «ኝ»፣ በስፓንኛ «ሜ» ሆኖ ይገባል። ስለዚህ «ዮ ዶሊያ» አትበሉ።