ፈጣን ባቡርን ጣና ዳር ሆኖ ማስረዳት

ባሕር ዳር ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ፈጣን ባቡርን ለልጆች ለማስረዳት በጠዋት ጣና ዳር ውሰዷቸው። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ጠብቁ። አየር ላይ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፤ ከዚያ በምንቃሩ ተወርውሮ ውኃው ውስጥ ጥልቅ ይላል። ምንቃሩን በደንብ ይዩት። ረጅም ነው፤ ጫፉ ሹል፣ ወደ ጭንቅላቱ እየሰፋ የሚሄድ።

አሁን ወደ ጃፓን ተሻገሩ። ባቡር በፍጥነት ዋሻ ሲገባ አየሩን ከፊቱ ይገፋል፤ በወዲያኛው አፍ እንደ ፍንዳታ ይጮኻል። መሐንዲሱ ኤጂ ናካትሱ መፍትሔውን ያገኙት ከዚህ ወፍ ዘመድ ምንቃር ነው። አፍንጫው እንዲያ የሾለው ባቡር በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ።

ዓመተ ምሕረት አታብዙ። ፈጣን ባቡር በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ–ኦሳካ ጀመረ፣ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ፓሪስ–ሊዮን። ይበቃል።

ርቀቱን ግን በራሳቸው መንገድ ይለኩት። ቶኪዮ–ኦሳካ 515 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከእኛ አዲስ አበባ በመኪና ከሚኬደው ብዙም አያንስም። ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ጉዞ አራት ሰዓት ሆነ፤ በዓመቱ ሦስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ለሥራ ጠዋት የሄደ ሰው ማታ ቤቱ መግባት ቻለ።

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ልጆቹ ያስቡበት። አንዷ ተማሪዬ ቆይታ፣ «አክስቴን ጠይቄ ለራት እመለስ ነበር» አለች።