ሰባት ቀን በሮም፦ የጉብኝት ሳምንት እንዴት ይደለደላል?

ሮምን ለማየት ሰባት ቀን ይበቃል፤ ቀኖቹ በአግባቡ ከተደለደሉ። የሚያስቸግረው የበሮቹ ጠባይ ነው። ቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በስተቀር እሁድ እሁድ ዝግ ነው። ቦርጌዜ ጋለሪ ሰኞ አይከፈትም። ብዙ ትናንሽ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ አሥር ሰዓት ግድም ይቆለፋሉ። ስለዚህ ወረቀት አውጥተው መጀመሪያ የሚጽፉት የትኛው ቦታ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ ይሁን።

ቪዛና ወቅት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ቢበዛ ስድስት ወር፣ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ መግባት አለበት፤ የጉዞ ጤና ኢንሹራንሱ ሽፋንም ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። የቀጠሮ ወረፋ ሊረዝም ስለሚችል ሦስት ወር ሲቀር ቢጀምሩት ይሻላል። ወቅቱን መምረጥ ከቻሉ ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም ጥቅምት ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ የሮም ድንጋይ እንደ ምጣድ ይግላል።

አስቀድመው ሦስት ቲኬት ይያዙ

ቀንና ሰዓት ተቆርጦ የሚገባባቸው ሦስት ዋና ዋና ቦታዎች አሉ፦ ኮሎሲየም፣ ቫቲካን ሙዚየምና ቦርጌዜ ጋለሪ። እነዚህ ሳይያዙ የቀረው ሳምንት አይደለደልም።

የኮሎሲየም ቲኬት ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ነው። የጎብኚው ስም ይጻፍበታል፤ ስሙም ከመታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ለእኛ ዘወትር ስለሚያምታታ ቅጹን ሲሞሉ ፓስፖርቱን ፊትዎ ይዘርጉት። በዚሁ ቲኬት አጠገቡ ያሉትን የሮማውያን ፎረምና የፓላታይን ኮረብታ ያያሉ። ቲኬቶቹን ከየተቋማቱ የራሳቸው ሽያጭ ይግዙ፤ በየመንገዱ «ወረፋ የለውም» እያሉ የሚሸጡት ከዋጋው በላይ ያስከፍላሉ።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ቲኬቱ 9:00 ካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ 15:00 ካለ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በተለይ ቦርጌዜ የሚያስተናግደው በሁለት ሁለት ሰዓት ፈረቃ ስለሆነ አርፍዶ የደረሰ ከራሱ ጊዜ ይቀነስበታል።

ቀኖቹን በየሰፈሩ ይደልድሉ

እሁድ ከደረሱ ድልድሉ ቀላል ነው። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ ተርሚኒ ጣቢያ ያደርስዎታል። ያን ዕለት ዕቃዎን አሳርፈው አካባቢውን በእግር መቃኘት ይበቃል።

ሰኞ ኮሎሲየም ይሁን። በተቻለ መጠን የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። ከዚያ ወደ ፎረሙ ይለፉ፤ እዚያ ጥላ ጥቂት ነው።

ማክሰኞ ቫቲካን። ረቡዕ ጠዋት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሕዝቡን የሚያገኙበት ሥነ ሥርዓት ስለሚኖር አደባባዩ ይጨናነቃል፤ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግባትም ይስተጓጎላል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ስለሆነ ነጠላ ወይም ስካርፍ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 የሣለውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ለማየት በግድግዳው ጥግ ካለው መቀመጫ ቦታ ይጠብቁ፤ ቆመው ቀና ካሉ አንገትዎ ቶሎ ይደክማል።

ረቡዕን ለመሀል ከተማ ይተዉት፦ ናቮና አደባባይ፣ ፓንቴኦን፣ ትሬቪ ፏፏቴ። ሁሉም በእግር የሚዳረሱ ናቸው። ፓንቴኦን ሲገቡ መሀል ቆመው ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ከሰማይ ጋር ፊት ለፊት ያገናኝዎታል፤ ዝናቡም በዚያው ይገባል።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ርቆ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። መግቢያው በነጻ ነው። በስተግራ ባለው የመጨረሻው ጸሎት ቤት የካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ቦታው ጨለማ ስለሆነ ለመብራቱ ሣጥን የሚሆን ሳንቲም ይያዙ። ብርሃኑ ሲመጣ ከግራው ሥዕል ፊት ይቁሙ፦ ቀራጮቹ ገንዘብ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ክርስቶስ ከቀኝ በኩል እጁን ዘርግቷል፣ ከራሱ በላይ የሚያልፈው ብርሃን የተጠራውን የማቴዎስን ፊት ይመታል። ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ወጣት ግን ቀና ሳይል ሳንቲሙን ይቆጥራል። እኔ ሮም ውስጥ አንድ ሥዕል ብቻ እንድመርጥ ብገደድ ይህን እመርጣለሁ።

ሐሙስ ቦርጌዜና በዙሪያው ያለው ሰፊ መናፈሻ። ዓርብ ከከተማው ወጥተው ኦስቲያ አንቲካን ይዩ፤ ከፒራሚዴ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ የሚነሳው ባቡር ያደርስዎታል። የጥንቷ የሮም ወደብ መንገዶች፣ መጋገሪያዎችና ቲያትር ያለ ግፊያ የሚታዩት እዚያ ነው።

ትራንስፖርት፣ ውሃና ምግብ

ለአውቶቡስና ለሜትሮ አንድ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። የአውቶቡስ ማቆሚያው ምልክት ላይ የተጻፈው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ፌርማታ ነው። በየመንገዱ ካሉት ከሁለት ሺህ በላይ የሕዝብ ቧንቧዎች የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ባዶ ጠርሙስ ይያዙ። ቡናውን እንደ ከተማው ሰው ባንኮኒው ጋ ቆመው ይጠጡ፤ ከተቀመጡ ሊወደድ ይችላል። ጾም ላይ ከሆኑ ፒዛ ማሪናራ ይዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ እንጂ አይብ የለውም።

ቅዳሜን ለራሳችን ታሪክ

ይህን ቀን እንዳያስቀሩት። ከተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተገደሉት የኢጣሊያ ወታደሮች የተሰየመ ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም በቅርብ ይገኛል።

ከዚያ በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ይውረዱ። በአሁኑ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1937 የወሰደችው የአክሱም ሐውልት ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር። ሕንጻው ራሱ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሐውልቱ እዚሁ ነበር። በአጠገቡ አልፎ ወደ ቆስጠንጢኖስ የድል በር ገሰገሰና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ውድድሩን ጨረሰ። ከፖርታ ካፔና ወደ ድል በሩ ቀጥ ብሎ የሚሄደው የሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሲመሽ ይሂዱ። አበበም ከድል በሩ የደረሰው ጨልሞ፣ በችቦ ብርሃን ነበር።