ፕሮግራሜን ያቆመው ኢንዴክስ ኤረር እንዴት ተፈታ

በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) የመጀመሪያ ሥራዬ የአስቤዛ መዝገብ ነው። «ጨምር ሽንኩርት» ሲሉት ይመዘግባል፣ «ሰርዝ ሽንኩርት» ሲሉት ያጠፋል። የተጻፈውን በስፕሊት (ጽሑፍን ወደ ቃላት ዝርዝር የሚቀይር መሣሪያ) ቆራርጬ፣ ቁጥር 0 ላይ ያለውን (ፓይተን ከ0 ስለሚቆጥር የመጀመሪያው ቃል ነው) እንደ ትእዛዝ፣ ቁጥር 1 ላይ ያለውን እንደ ዕቃ እወስድ ነበር። እህቴ «ጨምር» ብቻ ብላ ኢንተር ስትጫን ግን ፕሮግራሙ በኢንዴክስ ኤረር (ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቁጥር ሲጠየቅ የሚመጣ ስህተት) ቀጥ አለ።

ዝርዝሩ ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ጠየቅኩ። ምንም ሳይጻፍ ኢንተር ከተጫነማ ይብሳል፤ ዝርዝሩ ባዶ ስለሚሆን ቁጥር 0 ራሱ የለም።

መጀመሪያ ሁሉንም በትራይ እና ኤክሴፕት (ስህተት ሲመጣ ይዘው ፕሮግራሙ እንዳይቆም የሚያደርጉ) ሸፈንኩት። አልወደድኩትም፤ ሌላ ስህተትም አብሮ ይደበቃል። አሁን ዝርዝሩን ከመንካቴ በፊት ቃላቱን በሌን (የዝርዝርን ርዝመት የሚናገር መሣሪያ) እቆጥራለሁ። 0 ከሆነ በኮንቲኒው የቀረውን ዘልሎ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። 1 ከሆነ «ምን ልጨምር?» ይላል። ዕቃውን የሚወስደው 2 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለስፕሊት ክፍት ቦታን መለያ አድርጋችሁ ከሰጣችሁት፣ ባዶ ግቤት ባዶ ዝርዝር አይሰጥም። ውስጡ ባዶ ቃል ያለበት፣ ርዝመቱ 1 የሆነ ዝርዝር ነው የሚመጣው። ቆጠራውን ያበላሽባችኋል፤ መለያ አትስጡት።