ለለምጽ ዕፅ ስትሞክሩ የምትሳሳቱት ነገር

ደሴ ላይ የፋርማሲ ተማሪዎችን ጥናት አማክራለሁ። በየዓመቱ አንዱ መጥቶ "አያቴ ለለምጽ የሚሰጡት ቅጠል አለ፤ ልሞክረው?" ይለኛል። ደስ ይለኛል። ስህተቱ ግን ሁሌም ያው ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ፀሐይን መርሳት ነው። ቡናችን ላይ የምንጨምረውን ጤና አዳም ውሰዱ። ሶራሌን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። አንድ ተማሪ ጭማቂውን ጤነኛ ክንዱ ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ክንዱ ውሃ ቋጥሮ መጣ። ሲድን ቦታው ጠቆረ። "ቀለም ሠራ!" አለኝ። ልጄ፣ ያ ቃጠሎ የተወው ጥቁረት ነው!

ሶራሌንን ከፀሐይ ጋር ለለምጽ መጠቀም ግን መሠረት አለው። አሚ ማጁስ የሚባለው ዕፅ ዘር ከፀሐይ ጋር ለለምጽ እንደሚውል የዕፅ ሊቁ ኢብን አል ባይጣር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፅ ውስጥ ከዚሁ ዕፅ የወጣው ሜቶክስሳሌን የሚባል ሶራሌን በሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። ዛሬ ሐኪሞች የሚሰጡት ከተለካ ጨረር ጋር ነው። የደሴን ፀሐይ ማን ለካው? 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ደግሞ ፀሐይ ብቻዋን አንዳንዱን ለምጽ ቀለም ትመልሳለች። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቦታ ምረጡ። አንዱን ጭማቂ ባለው ቅባት፣ ሌላውን በባዶው ቅባት ቀቡ። ፀሐይ ላይ የሚቆዩበት ደቂቃ እኩል ይሁን፤ ይመዝገብም። እኔ በመጀመሪያ ጥናቴ የተቀባ ፊትን ካልተቀባ እጅ ጋር አነጻጸርኩ። ፊት ቶሎ ይመልሳል፤ እጅ እምቢ ይላል። የአንድ ዓመት ልፋት ጣልኩ።

ነጭ ሁሉ ለምጽ አይደለም። ቋቁቻ ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ የሚገድል ቅጠል ያጠፋዋል፣ እናንተም "ለምጽ ዳነ" ትላላችሁ። የባሰው ሥጋ ደዌ ነው። ነጣ ያለውን ቦታ በጥጥ ንኩት። ካልተሰማው ቅጠሉን ተዉና ሰውየውን በዚያው ቀን ለቆዳ ሐኪም ላኩ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ የዘገየ ግን ነርቩ ይጎዳል።

የዕፁን ስም ከገበያ ብቻ አትውሰዱ። ናሙና አድርቃችሁ የደረቁ ዕፆች ናሙና ለሚቀመጥበት ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ስጡ።

ዕፁ ቲሮሲኔዝ የሚባለውን ቀለም የሚሠራ ኢንዛይም አገደ ብላችሁ አትደሰቱ። ያ ቆዳ የሚያነጣ ነው! የላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ሴል ማጥቆሩም አይበቃም። ለምጹ ላይ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ጠፍተዋል፤ ከፀጉር ሥር ተነሥተው መምጣት አለባቸው። ለዚህ ነው ቀለሙ ነጠብጣብ ሆኖ የሚጀምረው፤ ወራትም ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት ፍርድ አትስጡ።

ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ደግሞ ማንንም አትቀቡ። ጎረቤታችሁ "አብሽር፣ እኔ ፈቅጃለሁ" ቢልም።